«ቁልቁለቱ ላይ ጥሎኝ ወረደ!» ብስክሌት፣ ቡናና እጮኝነት ከጅማ እስከ ቦንጋ

የሰሞኑ የቅናትና የአማት ጣጣ ስለሰለቸን ዛሬ አየር እንቀይር ብለን ወደ ጅማና ወደ ካፋ ልንወስዳችሁ ነው። በመኪና መስሏችሁ እንዳይሆን፤ በሳይክል ነው! ወሬው የሽርሽር ብቻ ቢሆን ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር፤ መሃሉ ላይ ቀለበት ገብቶበታል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታኅሣሥ አጋማሽ ላይ አንዲት የ26 ዓመት ወጣት ወደ ዝግጅት ክፍላችን ብቅ አለች። የሂሳብ ሠራተኛ ናት፤ ረጋ ያለች፣ ቃል መርጣ የምትናገር ልጅ። ቀኝ ክርኗ ላይ ገና ቀይነቱ ያልጠፋ ጠባሳ፣ ጣቷ ላይ የእጮኝነት ቀለበት ይታያል። ወንበር ሰጥተናት ገና ሳትደላደል እንዲህ አለችን፦

«ሠርጋችን ጥር ላይ ነው። ኅዳር ላይ ግን ቁልቁለቱ ላይ ጥሎኝ ወረደ። ላግባው ወይስ ይቅርብኝ?»

እኛ መጀመሪያ «ቁልቁለት» ያለችው በምሳሌ መስሎን ነበር። የኑሮ ቁልቁለት፣ የገንዘብ ቁልቁለት... የለም! እውነተኛ ቁልቁለት ነው። ከሸቤ ወደ ጎጀብ ወንዝ የሚወርደው፣ መኪና እንኳ በከባድ ማርሽ የሚወርደው ቁልቁለት ነው።

ሳይክል እንዴት ፋሽን ሆነ?

ድሮ ሳይክል የቄራና የመርካቶ ተላላኪ ዕቃ ነበር። ዛሬ ግን ሌላ ነው። የኮሪደር ልማቱ በ2016 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ የብስክሌት መስመር ማስመር ከጀመረ ወዲህ እሁድ እሁድ ሄልሜት አጥልቆ የማይታይ ጎረምሳ የለም። በዚያው ዓመት ክረምት ደግሞ ኤርትራዊው ቢንያም ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ ሦስት ጊዜ አሸንፎ አረንጓዴውን ማሊያ ሲለብስ፣ ካፌ ቁጭ ብሎ ኳስ ብቻ ያይ የነበረው ሁሉ ስለ ማርሽና ስለ ዳገት መፈላሰፍ ጀመረ። የእኛው ጽጋቡ ግርማይም ቀደም ሲል እ.ኤ.አ. በ2016 በዚያው ውድድር የተሳተፈ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ መሆኑን ያስታወሰ ግን ጥቂት ነው። (እንደ ልማዳችን!)

ከከተማ ወጥቶ ቡና አብቃይ ተራሮችን በብስክሌት መዞር ሌላ አገር የቆየ ነገር ነው። በኮሎምቢያ የቡናው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2011 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፤ ፈረንጁ ከአንዱ የቡና እርሻ ወደ ሌላው በሳይክል እየተጎተተ ቡና ይጠጣል፣ ያድራል፣ ይከፍላል። የቡናው አገር ደግሞ የእኛ ነው። ታዲያ እኛስ ምን ይጎድለናል? ዳገት እንደሆነ ሞልቶናል!

ልጅቷና እጮኛዋ የሄዱበት ጉዞ አምስት ቀን ነው። ስምንት ተጓዦች፣ ሁለት አስጎብኚዎች (አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከኋላ)፣ ሻንጣና ውሃ የሚይዝ አንድ ፒክአፕ። አዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱን በአውሮፕላን ሄደው ከጅማ ቦንጋ ያለውን ከ100 ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ መንገድ በፔዳል። ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። «በቀን ሃምሳ ኪሎ ሜትር ምን አላት?» ብሎ ነበር እጮኛዋ። እሱ የ30 ዓመት ሰው ነው፤ እሁድ እሁድ ከጓደኞቹ ጋር እስከ ሱሉልታ ደርሶ ይመለሳል። እሷስ? እሷ ሳይክል የተማረችው ለዚሁ ጉዞ ብላ ነው፤ በሦስት ቅዳሜ፣ ሜዳ ላይ።

«ፎርም ነበረው» አለችን። «የነጂነት ደረጃ ይላል። ጀማሪ፣ መካከለኛ፣ ከፍተኛ። ጀማሪ ካልኩ አይቀበሉንም ብሎ ሰጋና መካከለኛ በይ አለኝ። እኔም ሞላሁ።»

ይቺን ነገር ያዙልን። ኋላ እንመለስባታለን።

አንደኛ ቀን፦ ጅማና ጅሬን

ጅማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ለአዲስ አበባ ሳንባ ይህ ከፍታ ቁም ነገር አይደለም፤ እንዲያውም አየሩ ይወፍርላችኋል። የመጀመሪያው ቀን ሳይክል መለኪያ ነው። የኮርቻው ከፍታ፣ የፍሬኑ ጥብቀት፣ ማርሹ። እዚህ ላይ ልብ በሉ! ብዙ ሰው ኮርቻውን ዝቅ አድርጎ ይቀመጣል፤ እግሬ መሬት ይንካ ብሎ። ከዚያ ጉልበቴን አመመኝ ይላል። ፔዳሉ የመጨረሻው ታች ሲደርስ ጉልበት ለጥቂት ብቻ እጥፍ ማለት አለበት፤ ከዚያ በላይ ከታጠፈ ኮርቻው አጥሯል ማለት ነው። ሌላው የኪራይ ሳይክል ጣጣ ደግሞ የፍሬኑ እጀታ ነው። አንዳንዱ ላይ የፊቱ ፍሬን በግራ፣ አንዳንዱ ላይ በቀኝ ነው። ሳትወጡበት በፊት ቆማችሁ ሞክሩት። እሷ አልሞከረችም። «ሁለት እጀታ አለው፣ ሁለቱም ፍሬን ነው፣ ሌላ ምን ልጠይቅ?» አለችን፤ እውነቷን ነው፣ ማንም አልነገራትም።

ከሰዓት በኋላ ወደ ጅሬን ወጡ። ጅሬን ከጅማ ከፍ ብላ የተቀመጠች ኮረብታ ናት፤ እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የጅማ ንጉሥ የነበሩት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው እዚያ ነው። የእንጨት በረንዳው ላይ ቆማችሁ ከተማዋን ቁልቁል ስታዩ የዳገቱ ላብ ይረሳል። ልጅቷ ዳገቱን ግማሹን እየገፋች ወጣች። እሱ ከላይ ሆኖ ፎቶ አነሳት። «ያኔ ሳቅን» አለች። «ያኔ ሁሉም ነገር ያስቀን ነበር።»

ሁለተኛ ቀን፦ ቡናው

ሰቃን አልፈው በመንገዱ አጋማሽ ላይ ወዳለችው ሸቤ የነዱበት ቀን ነው። እኛ ይህን ጉዞ ከሌሎች ከሄዱ ወጣቶችም ጠይቀናል፤ ሁሉም የሚያወሩት ስለዚህ ቀን ነው። ምክንያቱም ኅዳር የቡና ለቀማ ወቅት ነው። ቅርንጫፉ ቀይ ፍሬ ተሸክሞ ጎንበስ ብሎ ታያላችሁ። ሴቱ፣ ልጁ፣ ሽማግሌው ቅርጫት ወገቡ ላይ አስሮ ይለቅማል። ጥሩ ለቃሚ ቀዩን ብቻ ነው የሚነካው፤ አረንጓዴው ለሚቀጥለው ዙር ይቀራል። እሸቱ ወይ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ሄዶ ይፈለፈላል፣ ወይ እንዳለ ከነልጣጩ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል።

ይሄ የሚደርቀው ቡና ለሳይክል ነጂ ትልቅ ነገር ነው። ሰዉ አንዳንድ ቦታ ቡናውን በመንገዱ ዳር፣ አንዳንዴም አስፋልቱ ጠርዝ ላይ ያሰጣዋል። ከእነዚህ ከስምንቱ አንዱ፣ አንድ ቄንጠኛ ጎረምሳ፣ መኪና ሲሸሽ በስጥ ቡና ላይ ነዳበት። ባለቤቲቱ ሴትዮ ከቤት ወጥተው የተናገሩትን እዚህ ልንጽፈው አንችልም! ልክ ናቸው። የዓመት እንጀራቸው ነው። እንዲህ ያለ ነገር ቢደርስባችሁ ውረዱ፣ ይቅርታ ጠይቁ፣ የተበተነውን አብራችሁ ልቀሙ። ያ ጎረምሳ ለግማሽ ሰዓት ተንበርክኮ ሲለቅም ሴትዮዋ በስተኋላ አዝነውለት ቡና አፍልተው ጠሩት አሉ። አቦል ደርሶት ቶናው ላይ ዘመድ ሆነው ተነሱ።

አለባበስን በተመለከተ በተለይ ለሴቶች አንድ ቃል። ሰውነት ላይ የሚጣበቀው የብስክሌት ሱሪ ለመቀመጫ ቁስል መድኃኒት ነው፤ እውነት ነው። ነገር ግን ገጠሩ ውስጥ እሱን ብቻ ለብሶ መውረድ ለእናንተም ለባላገሩም አይመችም። ከላይ ሰፋ ያለ ቁምጣ ወይም ሱሪ ደርቡበት። ከሥሩ የውስጥ ሱሪ ባይኖር ይመረጣል፤ ስፌቱ ነው የሚያቆስለው። (ይህን ስንጽፍ አፍረናል፤ ግን ማን ይንገራችሁ?)

ምግብ ደግሞ ሳይርባችሁ ብሉ። ሳይክል ላይ ረሃብ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ድንገት ነው የሚጥለው፣ እግር ቄጤማ ይሆናል። የውጭ ቸኮሌት ፍለጋ አትድከሙ። ሙዝ፣ ቆሎ፣ በሶ በቂ ነው። የበሶ ብጥብጥ በትንሽ ጨውና ማር ያዘጋጀ ልጅ ከሁሉም ቀድሞ ቦንጋ ገብቷል ብለውናል። ውሃ በሰዓት ከግማሽ ሊትር ያላነሰ፤ ፀሐዩ ሲበረታ ከዚያም በላይ። ግን ጨው የሌለበት ውሃ ብቻ ሊትር በሊትር መገልበጥም ራሱን የቻለ ጉዳት አለው።

ሦስተኛ ቀን፦ ጎጀብ

እንግዲህ ደረስን።

ጎጀብ የኦሞ ገባር ነው፤ ጅማን ከካፋ የሚለየው እሱ ነው። ጅማም ቦንጋም ከፍታ ላይ ናቸው፤ ጎጀብ ግን በመሃል ሸለቆ ውስጥ ብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ብሎ ይፈስሳል። ስለዚህ ከጅማ ወደ ካፋ የሚሄድ ሰው መጀመሪያ ወደ ሙቀቱ ይወርዳል፣ ከዚያ ከሙቀቱ ይወጣል። ሌላ መንገድ የለም። ታች ሸለቆው ወባማ ነው፤ የምታድሩት ላይ ቢሆንም የትንኝ መከላከያ ቅባት ያዙ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።

ጠዋት ላይ የፊቱ አስጎብኚ ንግግር አደረገ። «ቁልቁለት ነው፣ ተጠንቀቁ» አለ። በቃ! ሌላ ማብራሪያ የለም። ከዚያ ወረዱ።

ልጅቷ እንዲህ ትላለች፦ «ሲጀምር ደስ አለኝ። ፔዳል ሳልመታ ይሄዳል። እሱ ከፊቴ ነበር፤ ቀይ ቲሸርቱን እያየሁ ነው የምሄደው። አንድ መታጠፊያ፣ ሁለት መታጠፊያ... ሦስተኛው ላይ ቲሸርቱ ጠፋ። እኔ ከመጀመሪያው ጀምሮ ሁለቱንም ፍሬን ጨምድጄ ይዣለሁ። ጣቶቼ ደነዘዙ። መጭመቅ አቃተኝ። ሳይክሉ ፍጥነት ሲጨምር ደነገጥኩና ባለ በሌለ ኃይሌ አንዱን እጀታ ሳብኩት። የፊቱ ነበር።»

በመሪው ላይ ተሻግራ ወደቀች። አምላክ ሲያወጣት ከአስፋልቱ ወደ ጠርዙ ሣር ነው። ክርኗ ተላጠ፣ የእጇ አንጓ ተወለሰ፣ ሄልሜቷ ተሰነጠቀ። ያ ሄልሜት ባይኖር ዛሬ ይህን ጽሑፍ አንጽፈውም ነበር። የኋላው አስጎብኚ በደቂቃ ውስጥ ደረሰላት። ስሟን ጠየቃት፣ ቀኑን ጠየቃት፣ አስታወካት ወይ አለ። ይህ ልጅ ሥራውን ያውቃል። ጭንቅላቱን ተመትቶ የሚያስመልሰው፣ የሚወላገድ ወይም ቃል የሚጠፋበት ሰው ካለ «ትንሽ ይረፍ» አይባልም፤ ቀጥታ ወደ ሆስፒታል ነው። የተሰነጠቀ ሄልሜት ደግሞ ዳግመኛ አይደረግም፤ አንዴ ከተመታ ሥራውን ጨርሷል።

እሺ፣ ቁልቁለት እንዴት ነው የሚወረደው? በዚህ ላይ አንድ የቆየ የብስክሌት ነጂ አነጋግረን ነበር። እንዲህ አለን። ፍሬን ከላይ እስከ ታች ተጨምድዶ አይያዝም። እጅ ይዝላል፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፣ የጋለ ፍሬን ደግሞ መያዙን ይቀንሳል። መታጠፊያው ሳይደርስ ቀድማችሁ፣ ቀጥ ባለው ላይ፣ ፍጥነቱን አውርዱ፤ መታጠፊያው ውስጥ ልቀቁ፤ ስትወጡ እንደገና ያዙ። ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ ነው ዘዴው። ከሁለቱ ፍሬን በደንብ የሚያቆመው የፊቱ ነው፤ ግን ድንገት ከተሳበ ሰውየውን ወደ ፊት ይወረውረዋል። ስለዚህ በለስላሳው፣ ከኋላው ጋር አንድ ላይ። መቀመጫን ወደ ኋላ ሸሸት ማድረግ፣ ክርንን አለማድረቅ፣ ዓይንን ከጎማው ሥር ሳይሆን ወደ ሩቅ መጣል። ጣት ሲዝል ማፈር አያስፈልግም፤ ቁሙ፣ እጃችሁን አራግፉ፣ ከዚያ ቀጥሉ። ጠጠር ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም በግማሽ ቀንሱት።

ይህን አሥር ደቂቃ ወስዶ የሚነግራት ሰው ቢኖር ኖሮ!

ድልድዩ አጠገብ

እሱስ የት ነበር? እሱ ታች ደርሶ፣ ጎጀብ ድልድይ አጠገብ ለስላሳ እየጠጣ ነበር። አርባ ደቂቃ። ስልኩ ኔትወርክ አልነበረውም። ፒክአፑ እሷን ጭኖ ሲደርስ መጀመሪያ ያለው ነገር፦ «ምን ሆናችሁ ቆያችሁ?»

ልጅቷ ከመኪናው ወርዳ አላነጋገረችውም። ክርኗን ሲያይ ደነገጠ፣ ተንበረከከ፣ ውሃ አመጣ። «አትንካኝ» አለችው። ሌሎቹ ስድስቱ ተጓዦች ድንገት ስለ ወንዙ ዓሣ በጣም የሚያስቡ ሰዎች ሆኑ። ሁሉም ወደ ወንዙ ያያል!

ከዚያ በኋላ ያለው ዳገት በሙቀት ነው፤ እስከ ጊምቦ ድረስ ለአንዳንዱ ሁለት፣ ለአንዳንዱ ሦስት ሰዓት። እሷ መኪና ላይ ሆና ወጣች። እሱ ነዳ። እዚህ ላይ የኋላው አስጎብኚ አንድ ነገር አደረገ። የአገሩ ልጅ ነው፤ ከሃያ አምስት አይበልጥም። ሰውዬውን ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ከእኔ ጋር ኋላ ነህ» አለው። ሰውዬው እሺ አለ። ከሁሉም ቀስ ከምትለው ከአንዲት መምህርት ኋላ እየነዳ፣ ስትቆም እየቆመ፣ ስትገፋ ወርዶ እየገፋ ዳገቱን ወጣ። ሦስት ሰዓት ከግማሽ ፈጀባቸው። ቦንጋ ሲገቡ መሽቷል።

አራተኛ ቀን፦ ጫካው

ቦንጋ ኅዳር 2014 ዓ.ም. የተመሠረተው የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ዋና ከተማ ናት። ዙሪያዋ ጫካ ነው። የካፋ ጥብቅ ሥፍራ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ሪዘርቭ ተብሎ የተመዘገበ፣ ከ700,000 ሄክታር በላይ የሚሸፍን ነው፤ አረቢካ ቡና ማንም ሳይተክለው በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ራሱ በቅሎ ይገኝበታል። ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ይዘላል። «ኮፊ» የሚለው ስም ከካፋ መጣ የሚሉ አሉ፣ «ቃህዋ» ከሚለው ዓረብኛ ነው የሚሉም አሉ፤ ካፋዎች ራሳቸው ግን «ቡኖ» ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ክርክሩን ለፈረንጆቹ ትተንላቸዋል። ብሔራዊ የቡና ሙዚየምም ያለው ቦንጋ ነው።

ጫካው ውስጥ የሚሄዱት በእግር ነው። ሳይክል ሥሩን ያበላሻል፣ እናንተንም ይሰብራችኋል። ልጅቷ እጇን በሻሽ አስራ ሄደች። እሱ ከኋላዋ። አልተነጋገሩም። ከሰዓት በኋላ አንዲት እናት ቤት ቡና ተፈላላቸው፤ ከጫካ የተለቀመ፣ ማር በአጠገቡ። አቦል ዝም። ቶና ዝም። በረካው ላይ ነው እሱ የተናገረው።

«ምን አለሽ?» አልናት።

«እጥፍጥፍ ሲል ነው የቆየው። አላየሁሽም፣ ከኋላዬ ነሽ ብዬ ነው፣ አስጎብኚ አለ ብዬ ነው... ይህን ሁሉ አለ። ከዚያ እኔ አንድ ነገር ጠየቅኩት። አርባ ደቂቃ ስቀር ለምን ተመልሰህ አልወጣህም? አልኩት። ዝም አለ። ብዙ ዝም አለ። ከዚያ ‹ዳገቱን ሳየው ደከመኝ› አለኝ።»

እነሆ! አንባቢዎቻችን፣ ልጅቷን እዚህ ድረስ ያመጣት ቁልቁለቱ አይደለም። ይቺ መልስ ናት።

እሱንስ ሰማችሁት?

አዎ፣ አስጠራነው። አንድ ወገን ሰምቶ መፍረድ የዚህ አምድ ልማድ አይደለም። መጣ። ቁመናው ያማረ፣ አንገቱን የደፋ ሰው ነው። አልካደም። «ቁልቁለት ላይ ሌላ ሰው ነው የምሆነው» አለን። «ነፋሱ ጆሮዬን ሲሞላው ምንም አላስብም። ሱሉልታም እንደዚያው ነኝ። እዚያ ግን ማንም ከኋላዬ የለም።» ከዚያ ደግሞ ያልጠበቅነውን ነገረን። ቦንጋ ከመሄዳቸው በፊት መውረድ እንደማትችል ያውቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ትንሽ ተዳፋት ላይ ስትንቀጠቀጥ አይቷታል። ነገር ግን ቦታ ይይዙብናል ብሎ «መካከለኛ በይ» አላት።

ያዙልን ያልናችሁ ፎርም ይኸው መጣ።

አሁን የእኛን አስተያየት። ለልጅቷ በፊት ለፊት የነገርናትን ነው የምንጽፈው። መጀመሪያ፣ ጥፋቱ የሁለቱ ብቻ አይደለም። ጀማሪና የሱሉልታ ነጂ አንድ ላይ ሰብስቦ፣ ፎርም አምኖ፣ ሜዳ ላይ እንኳ ሳይፈትን ቁልቁለት የሚለቅ አዘጋጅ ነገ ሌላ ሰው ይጥላል። ከመክፈላችሁ በፊት ጠይቁ፦ ከመነሳታችን በፊት ትፈትኑናላችሁ? የኋላው አስጎብኚ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሠልጥኗል? መኪናው ሁልጊዜ ከመጨረሻው ሰው ኋላ ነው ወይስ ቀድሞ ምሳ ያዘጋጃል? መንገዱ በዚያ ሳምንት ሰላም መሆኑን ማን አረጋገጠ? ይህን ስትጠይቁት የሚቆጣ አዘጋጅ ካለ ገንዘባችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ሁለተኛ፣ ልጅቷም «መካከለኛ» ብላ ስትሞላ እጇ ነው የሞላው። እሱን ላለማስቀየም ብላ። ስንነግራት አኮረፈችን። ግን ጠየቅናት፦ ከሠርጉ ጋር በተያያዘስ እሱን ላለማስቀየም ብለሽ የሞላሽው ሌላ ነገር አለ? አዳራሹ? የእንግዳው ብዛት? ከእናቱ ጋር መኖሩ? ትንሽ አሰበችና ሁለቱን ቆጠረችልን። የትኞቹን እንደሆነ አንናገርም።

ሦስተኛው ከባዱ ነው። ሰው በቁልቁለት ላይ ቢረሳ ይቅር ይባላል፤ ፍጥነት ያሰክራል። ዳገቱን አይቶ ደከመኝ ያለው ግን ተቀምጦ፣ ለስላሳ እየጠጣ፣ አስቦ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ይህን አውጥቶ የነገራት ራሱ ነው። ሺህ ውሸት ነበረለት፤ ጎማዬ ተነፈሰ ቢላት ማን ያውቅበታል? ከዚያ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያንኑ የመሰለ ዳገት ከመምህርቷ ኋላ ሆኖ ሦስት ሰዓት ከግማሽ ወጥቷል። ያንን ያደረገው አስጎብኚው ስላዘዘው ነው ወይስ ስለገባው? ይህን እኛ ልናውቅ አንችልም። እሷ ግን ታውቀዋለች፤ አብራው የምትውለው እሷ ናት። ስለዚህ «አግቢው» አላልናትም፣ «ተይውም» አላልናትም። ካርዱን ሳታሳትሙ ቆዩ፣ ያን የሞላሽውን ሁለት ነገር አንድ በአንድ አንሺለትና ፊቱን እዪው አልናት። ጥር ካልሆነ ሚያዝያም ወር ነው።

እናቷ ይህን ስትሰማ ጋዜጣችንን አትገዛም፤ እናውቃለን።

ይህን እስከጻፍንበት ቀን ድረስ ካርዱ አልታተመም። ባለፈው እሁድ ግን ሁለቱን በአጋጣሚ አየናቸው፤ በጠዋት፣ መንገዱ ገና ባዶ ሳለ። እሷ አዲስ ሄልሜት አድርጋለች። ተዳፋቱ ጫፍ ላይ ቆማ፣ ጎንበስ ብላ የፊቱን ፍሬን በራሷ መፍቻ ስታላላ ነበር። እሱ ጥቂት ራቅ ብሎ ቆሞ ይጠብቃል። ጨርሳ መፍቻውን ኪሷ ከተተችና ቀድማ ወረደች፤ ያዝ ለቀቅ፣ ያዝ ለቀቅ እያደረገች። እሱ ከኋላ ተከተለ።